ሁለት ኮር፣ አንድ ወንበር

እናቴ ስለ እኔ ለሰው ስታወራ «ይቺ ልጄ ሁለመናዋ ማር ነው፤ ቂሟ ግን የግመል ነው» ትላለች። አልዋሽም፣ ልክ ናት። ሰው ሲበድለኝ እስቃለሁ፣ ሻይ እጋብዛለሁ፣ ለበዓል እንኳን አደረሰህ እላለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ግን ቦታውን አዘጋጅቼለታለሁ። ቤተ ክርስቲያን በሄድን ቁጥር «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለች ታሽሟጥጠኛለች። እኔም መልስ አላጣም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን ስንት ዓመት ሄድን።

የማወራው ስለ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነው። ሁለቱም በሰው አገር ቢሮ ውስጥ አገልግለው፣ ጡረታ ወጥተው፣ በደሴ በኩል መካነ ሰላም የደረሱ ናቸው። አንዱ ሳጥኑ ላይ ሰማያዊ ምልክት ተለጥፎበታል፣ ሌላው ቀይ። ውስጣቸው ያለው ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ የሁለቱም ባለ ሁለት ኮር ነው። ሁለት ኮር ማለት በአንድ ጎጆ ሁለት ሠራተኛ አለ ማለት ነው፤ ሲገዙም ርካሾች ነበሩ። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ቢያያቸው «እነዚህ ደግሞ ይነሳሉ እንዴ?» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ። እኔ በነዚህ ሁለት ሳጥኖች ምክንያት ስንት ዓመት ጥርሴን ነክሼ ኖሬያለሁ።

ገበያው ዳር፣ የወግዲ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት አንድ ጌም ቤት ነበር። አሁንም አለ፤ ግን እንደ ዱሮው አይደለም፣ እሱን እደርስበታለሁ። ባለቤቱን ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነበር የሚለው። ዕድሜው ለጋሼነት ደርሶ አይደለም፣ ቢበልጠን አሥር ዓመት ነው። ግን ቤቱ የእሱ፣ ጄኔሬተሩ የእሱ፣ ጆይስቲኩ የእሱ፣ ፍርዱም የእሱ ነበር። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ደረቱን ነፍቶ በመሀላችን ሲንጎራደድ አንቱ ከማለት ሌላ ምን ምርጫ ነበረን? አንቱ እንለው ነበር።

ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው። የትም አልተጻፈም፤ ግን የወግዲውም የደጎሎውም የመካነ ሰላሙም ልጅ ያውቀዋል፦ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። የሚቀመጥበት ደግሞ ተራ በርጩማ አይደለም። ከተሰበረ የጭነት መኪና ላይ የተነቀለ ትልቅ የሾፌር ወንበር ነው፣ ቆዳው የተላላጠ፣ ሲቀመጡበት ውጥ የሚያደርግ። እዚያ ላይ ጆይስቲክ ይዞ ሁለት ሦስት ጨዋታ የከረመ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ከተማ ውስጥ ይወራለታል።

ወንበሩ የተተከለው ሰማያዊው ማሽን ፊት ነበር። ቀዩ ጥግ ላይ ተወርውሮ ፕሪንት ለሚያደርግ ሰው ነው የሚከፈተው። ጋሼም በየቀኑ ስለ ሁለቱ ይሰብካል። «የሰማያዊው አንዱ ኮር የቀዩን ሁለት ኮር ይገርፋል። ቀዩ የፈተና ወረቀት ለመጻፍ ነው፣ ጌም አያነሳም። ይሄ ግን ስታክ አያውቅም!» ይልና ሳጥኑን በመዳፉ እንደ ፈረስ ቸብ ቸብ ያደርገዋል። ስታክ ማለት ጨዋታው መሀል ላይ ሲንተፋተፍ፣ ኳሷ አየር ላይ ስትቆም ማለት ነው።

እኔ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ፕሪንት ላደርግ እየመጣሁ ከኋላ ቆሜ አይ ነበር። ሴት አትጫወትም ያለ የለም፤ ግን የተቀመጠችም አላየሁም። አንድ የገበያ ቀን ወረፋ ያዝኩ። ልጆቹ ሳቁ፣ አስቀመጡኝ። አንዱን አሸነፍኩ። ሳቃቸው ቀነሰ። ሁለተኛውን አሸነፍኩ። ዝም አሉ። ከደጎሎ የመጣውን፣ በአፉ ሁሉን የሚያሸንፈውን ሦስተኛውን ሳሰናብት ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ይሄኔ ጋሼ ስንጥሩን ከአፉ አውጥቶ ጣለና «አምጡት እስቲ!» ብሎ ጆይስቲኩን ተቀበለ።

ሊያባርረኝ ነበር የተቀመጠው። መጀመሪያ አገባብኝ፣ እኩል አደረግሁ። መጨረሻ ላይ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በግራ በኩል ገፍቼ ገብቼ ሁለተኛውን አስቆጠርኩ። ወላሂ፣ ከወግዲ የመጡት ልጆች ጣራውን ሊያፈርሱት ነበር! እኔም ፊቴ በራ፤ ተራው የማነው ብዬ ዞሬ አየሁ።

ጋሼ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ማሽኑ ስታክ አድርጎብኝ ነው» አለ። ሰማያዊው! ስታክ አያውቅም ብሎ የሚምልለት! አንድ ሰው እንኳ «እንዴ ጋሼ» አላለም። ቀጠለና ወደ እኔ ዞሮ «ተነሺ» አለኝ።

«አሸንፌያለሁ እኮ፣ ጋሼ» አልኩት።

«ተነሺ አልኩሽ! ወንበሩን ለወንድ ልቀቂና ቤትሽ ገብተሽ ኪሮሽሽን ሥሪ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሁን ለእኔ ሲጮሁ የነበሩት ናቸው የሳቁት። እናቴ በኪሮሽ ዳንቴል እየሠራች እንደምታሳድገኝ ከተማው ያውቃል፤ ስድቡ እሷንም ጨምሮ ነው። ሚስቱ በሩ አጠገብ ብስኩትና ለስላሳ ትሸጥ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ተነሳሁ። እዚያ ቤት አሸንፎ የተነሳ ሰው ከእኔ ሌላ የለም ብዬ አምን ነበር። ወደ ቤት ስሄድ አላለቀስኩም፤ አንድ ቀን ከዚያ ወንበር ላይ እኔ ራሴ አስነሳዋለሁ ብዬ እየማልኩ ነው የገባሁት።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቴክኒክና ሙያ ገባሁ፣ አይቲ ተማርኩ። ሰው «ምን ልትሆኚ ነው?» ሲለኝ «ሥራ ልፈጥር» እላለሁ። ውሸቴን ነበር። በቀል ልፈጥር ነበር የገባሁት። ተመርቄ ጥቂት እንደ ሠራሁ ደሴ ሄጄ ያገለገለ ዕቃ ቤት ሁሉ ዞርኩ። ሰማያዊው ነበር፣ ግን አቅሜ አልደረሰም። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ባለ ቀይ ምልክት አገኘሁ። ጋሼ ጥግ ላይ የወረወረው ዓይነት ነው፤ ያው የተናቀው፣ ያው የፈተና መጻፊያው። የሚገርመው ደስ አለኝ። በናቀው ዕቃ ብበቀለው አይሻልም?

በአቀስታ በኩል ስንመጣ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ታቅፌው ነበር። ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ብርዱ ሲገርፈን አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጁን ሸፍኝው እንጂ የኔ ልጅ፣ ብርድ ይመታዋል» አሉኝ። ልጅ አይደለም ብዬ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ሳሳያቸው «ያረቢ!» ብለው አማተቡ። እስከ መካነ ሰላም ስንስቅ መጣን።

ቤታችን ወደ መንገድ የወጣ አንድ ክፍል አለው። እዚያ ተከልኩት። እናቴ ደግሞ ቴሌቪዥኑን፣ ሬዲዮኑን፣ የስኳር ዕቃውን ሳይቀር ዳንቴል ያላለበሰችው ነገር ቤታችን ውስጥ የለም። ለኮምፒውተሩም ነጭ፣ ጫፉ ጽጌረዳ ያለው፣ እስከ ጠረጴዛው የሚወርድ ሠራችለት። «በዚህ ብርድ ራቁቱን ይደር? አቧራውስ?» አለች። እውነትም አምሮበት ነበር። ሙሽራ መስሎ ነበር!

በከፈትኩ ቀን ከተማው መጣ። ጋሼም መጣ፣ ከሚስቱ ጋር። «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ እጄን ጨበጠ፤ እኔም «አሜን፣ ይግቡ ጋሼ» አልኩ። ልጆቹ ተቀምጠው መጫወት ጀመሩ። ለጥቂት ጊዜ ደህና ነበር። ከዚያ ኳሷ መጎተት ጀመረች። ተጫዋቾቹ ጭቃ ውስጥ እንዳለ በሬ ተንቀረፈፉ። ቀጥሎ ስክሪኑ ድርግም! ጠፋ። አስነሳሁት፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ልጆቹ ጆይስቲኩን አስቀምጠው ወጡ።

ጋሼ አልወጣም። መሀል ቤቱ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ፣ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች!» አለ። ከዚያ ወደ ዳንቴሉ እያየ «በቁሙ ገንዛችሁታል እኮ! ሁለቱም ኮሩ የሞተ ባለ ሁለት ኮር» ብሎ ሳቀ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ያን ማታ ኪሮሿን አላነሳችም። እኔን ቢሰድበኝ ለምጄዋለሁ። እናቴን ኪሮሿን ያስቀመጣት ሰው ግን ከእኔ ጋር የሞት ቀጠሮ ይዟል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ የሱ ስብከት ብቻ ሆነ። ቀይ ጌም አያነሳም፣ ቀይ ለጽሕፈት ነው። ሻይ ቤት ስገባ «እንዴት ነው በሽተኛው?» ይሉኛል። ሙድ ይያዙብኝ፤ እኔ በሬን ዘግቼ ማሽኑን መፈተን ጀመርኩ። ፕሮሰሰሩ ነው? ራሙ ነው? የመብራት ሰጪ ሳጥኑ ነው? አንድ በአንድ ፈትቼ ገጠምኩ፣ ምንም ጥፋት የለበትም። አንድ ከሰዓት ተናድጄ ላጠፋው እጄን ዳንቴሉ ላይ ሳሳርፍ ትኩሱ በጨርቁ ውስጥ አልፎ መዳፌን ለበለበኝ። ከምጣድ ላይ የወረደ ነበር የሚመስለው። ጨርቁን ገልጬ አየሁት። የአየር ማስገቢያው በጽጌረዳ ተሸፍኗል፤ የአየር ማስወጫውም በጽጌረዳ ተሸፍኗል። እኔ ደደብ! ተምሬ! ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ለማትረፍ ሥራውን እንደሚያቀዘቅዝ፣ ባሰበት ጊዜ ደግሞ ራሱን እንደሚያጠፋ ክፍል ውስጥ ጽፌ ፈተና ያለፍኩበት ነገር ነው። ግን እናት የሠራችው ልብስ ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል? በእኛ አገር የተሸፈነ ነገር የተከበረ ነው፣ የተከበረ ነገር ደግሞ አይታመምም።

ዳንቴሉን አወለቅሁ። እናቴን ልቧ እንዳይሰበር ያፈነው እሱ ነው አላልኳትም፤ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ በመጨረሻ ስክሪኑን ብቻ በማይሠራበት ሰዓት ልታለብሰው ተስማማን። ቀዩ ራቁቱን ሲሆን አንድ ቀንም አልጠፋም።

ግን መጥፋት መተዉ አልበቃኝም። ሰማያዊውን መብለጥ አለበት። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁለቱን አነጻጸርኩ፤ ከሰማያዊው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ኮምፒውተር ቴክኒክና ሙያ ላብራቶሪ ውስጥ ስለ ነበር መምህሩን አስፈቅጄ የኳስ ጌሙን በሁለቱም ላይ ሞከርኩት። ጠላቴ ነው ብዬ ሐቁን አልደብቅም። ኮር ለኮር ከሄድን ሰማያዊው ይበልጣል። ሠራተኞቹ ፈጣኖች ናቸው፣ ጋሼ እዚህ ላይ አልዋሸም። ቀዩ ግን ሌላ ነገር አለው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ አብሮት የተሠራው ስዕል አውጪው፣ ሣሩን፣ ማሊያውን፣ ተመልካቹን በስክሪን ላይ የሚስለው ክፍል፣ ከሰማያዊው የበረታ ነው። ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ ቢገጠም ሰማያዊው ቀዩን ጥሎት ይሄዳል። ካርድ ከሌለ ግን ቀዩ ይቀድማል። ጋሼ ደግሞ ካርድ የለውም። ሲሰብክ እንጂ ሲያነብ አላየሁትም።

ታዲያ ቀዩ ለምን ብዙ አልበለጠም? እሱንም ደረስኩበት። ስዕል አውጪው የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከራሙ፣ ከማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ እየቀዳ ነው የሚሠራው። የእኔ ማሽን አንድ ትልቅ ራም ነበር የተሰካበት። ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ አንድ ቦኖ ላይ እንደ መሰለፍ ነው። አውጥቼ በምትኩ ግማሽ ግማሽ የሆኑ ሁለት ራሞች ሰካሁበት፤ መጠኑ ያው፣ ቦኖው ግን ሁለት ሆነ። አቤት! ኳሷ እንደ ቅቤ መንሸራተት ጀመረች። ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል አልኩ፤ እናቴ ሰው የሞተ መስሏት ሮጣ ገባች።

የገና በዓል ሲቃረብ የከተማው የስፖርት ክበብ ልጆች የጌም ውድድር ሊያዘጋጁ ነው ተባለ። ከወግዲም ከደጎሎም ተጫዋች ይመጣል። ውድድሩ የሚካሄደው የተሻለ ማሽን ባለበት ቤት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ማሽኖች ጎን ለጎን ይፈተኑ አሉ። ጋሼ «የቱ ከየቱ ጋር?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሰው በተሰበሰበበት «ካሸነፍኩ ውድድሩን ብቻ አይደለም፣ ያቺን ወንበር እፈልጋለሁ» አልኩ። «ውሰጃት!» አለ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። «ከነቁሻሻዋ ውሰጃት!»

በዚያው ሰሞን የጋሼ ሚስት እናቴ ዘንድ መጣች። ጌም ቤቴ የተከፈተ ለት ያየችውን ዳንቴል ወድዳዋለች። «ለእኛም ይሥሩልን እማማ» አለች። «እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ማሽኑ ራቁቱን ሲታይ ያሳፍራል። ብርዱም ይጎዳዋል። እሱም ቢስቅ፣ የእኛው ቢለብስም ቢራቆትም አይበገርም ብሎ ፈቅዷል።»

እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን ያመሰገነላት ሰው አልነበረምና ዓይኗ በራ። እኔ ክር እያጠነጠንኩ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እትዬ ይቅርብሽ፣ ያፍነዋል ማለት ነው። አፌን ከፈትኩ፤ «ኪሮሽሽን ሥሪ» ያለኝ ድምፅ መጣብኝና መልሼ ዘጋሁት። ስፋቱ ምን ይሁን ብላ እናቴ ስትጠይቅ፣ ጠበቅ ያለ እስከ ታች የሚወርድ ይሁን ልል ስል ሚስቱ ቀደመችኝ። «ጠበቅ ይበል። ዙሪያውን እስከ ታች ይውረድ» አለች። ጉረኛ የጉረኛ ሚስት አልኩ በሆዴ።

ጫፉን እኔ ጨረስኩት። እናቴ ዓይኗ ደክሟት ነበር፣ ኪሮሹን ተቀብያት ጥለቱን ጥብቅ ጥብቅ አድርጌ ሠራሁ፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቀዳዳ እንዳይተርፍ። ማነው ሥሪ ያለኝ? እሱ አይደለም? ሠራሁለታ! በሕይወቴ እንዲህ የጸዳ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

የፈተናው ቀን ቀዩን በባጃጅ ጭኜ ጋሼ ቤት ወሰድኩ። ቤቱ እስከ በሩ ሞልቷል። ሰማያዊው ነጭ ለብሶ እንደ ታቦት ተቀምጧል፣ ጋሼ ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል። የክበቡ ልጆች ሁለቱን ከአንድ የመብራት ማከፋፈያ ሰኩልን፣ አንድ ዓይነት ጨዋታ፣ አንድ ዓይነት ቡድን ከፈቱ። ከክበቡ ልጆች አንዱ ዳንቴሉን ነካ አድርጎ «ይሄ አያፍነውም?» አለ። የቀዩን ገመድ እንደሚያስተካክል ሰው አጎነበስኩ።

«ብርድ እንዳይመታው ነው» አለች ሚስቱ ከበሩ በኩል፣ ፈጠን ብላ።

ጋሼም «ሰማያዊው ብርድ ልብስ ቢደረብለት ይሠራል! እንደ ሰው ቀይ መሰለህ?» አለና ሁሉንም አሳቀ። በቃ፣ በራሱ አፍ ፈረደ።

ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ሰማያዊው ፍንጥር ብሎ ሄደ። ሁለቱም ጥሩ ነበሩ፣ የእኔ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ግን ያን ትንሽ የሚያየው የእኔ ዓይን እንጂ የሕዝቡ አይደለም። ልጆቹ «እኩል ናቸው፣ እኩል ከሆኑ ደግሞ እዚሁ ይሁን» ማለት ጀመሩ። የዕረፍት ሰዓት ሲደርስ ጋሼ ስንጥሩን አፉ ውስጥ ከትቶ ጥቅሻ ወረወረልኝ።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደ ተጀመረ የሰማያዊው ኳስ ተጎተተች። ጋሼ ጆይስቲኩን ወዘወዘ። ኳሷ ደግማ ቆመች። ግብ ጠባቂው ዘሎ አየር ላይ ቀረ፣ እዚያው ተሰቅሎ! ከኋላ አንዱ «ዐረገ!» አለና ቤቱ በሳቅ ተንፈራፈረ። ጋሼ ሳጥኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

«መብራት ነው!» አለ።

በዚያው ማከፋፈያ ላይ የተሰካው ቀዩ እየተጫወተ ነበር። አስነሱት፤ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ወደቀ። የወግዲ ልጆች ማፏጨት ጀመሩ።

ለዚህ ሰዓት ስንት ጊዜ ተዘጋጅቻለሁ! ልብስ ሳጥብ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ቅዳሴ መሀል ሳይቀር ቃሌን ስለማመድ ኖሬያለሁ። ረጅም ንግግር ነበረኝ። ፊቱ ስቆም ግን ሁሉም ጠፋብኝና አንዲት ቃል ቀረችኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምለው።

«ተነሳ» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። «ማንን ነው አንተ የምትይው?» አለ።

«ተነሳ! የተሸነፈ ይነሳል። ቤትህ ገብተህ ኪሮሽ ሥራ።»

ወደ ልጆቹ አየ። ያኔ እኔ ያየሁትን ፊት ነው ያየው፤ እነዚያው የሚስቁ አፎች። ተነሳ። ሲነሳ ወንበሩ ሲጥ አለ፤ ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ እኔ ቁናውን ትንሽ ነቅነቅ አድርጌ ጨመርኩበት እንጂ። ወንበሩን ባጃጁ ላይ አስረን ስንሄድ የወግዲ ልጆች እስከ ቤቴ እየዘፈኑ ሸኙኝ። ያዘነልኝ ካለ አያስፈልግም፤ ይቆጨኛል ብሎ የሚጠብቅ ካለም ይጠብቅ።

ውድድሩ እኔ ቤት ሆነ፣ ደንበኛውም እኔ ቤት ቀረ። ጋሼን አሁን ሰው በስሙ ነው የሚጠራው።

ገና ካለፈ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን፣ ቤቱ ገና ሳይሞላ፣ ሚስቱ በሬ ላይ ቆመች። በእጇ ዳንቴሉን ይዛለች፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ። ገባት፣ ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ሥራውን ጨርሷል። ለእናትሽ መልሺላት» አለች።

«ምን ሆነ እትዬ፣ አላማረም?» አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።

«አንቺ ልጅ፣ ተይ እንጂ» አለች። «ያንን ቤት የምጠርገው፣ አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ። ማሽኑ አየር ሲያጣ እንደሚሞቅ፣ ሲሞቅ እንደሚንቀረፈፍ ካንቺ በፊት ነው የማውቀው። አንቺ ቤት የተከፈተ ለት ቀዩ ለምን እንደ ጠፋ ገና ጨርቁን ሳየው ገብቶኛል። ለምን ጠበቅ ይበል ያልኩ መሰለሽ?»

ይህን ሁሉ ጊዜ የእኔ በቀል ነው ብዬ ስኮራ! «ለምን?» አልኳት።

ወደ ወንበሩ ሄደች። የተላላጠውን ቆዳ በእጇ ዳሰሰችው። «ቤቱ ሲከፈት ሁለታችን ነበርን፣ እኔና እሱ። ደንበኛ እስኪመጣ እንጫወታለን። አሸንፈው ነበር። ሁልጊዜ ነበር የማሸንፈው። መጀመሪያ የመጡት ልጆች ፊት አንድ ቀን አሸነፍኩት። ተነሺ፣ ወንበሩን ለወንድ ልቀቂ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ነኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺን ሲያስነሳሽ መሬት መሬት ያየሁት ለዚህ ነው። የሳቅሁብሽ መስሎሽ ይሆናል።»

ወንበሩን በእጄ አሳየኋት። ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች፤ ጆይስቲኩን እንደ ጠፋ ዘመድ በሁለት እጇ ያዘችው። አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ቀዩን ከፈትኩ። እያስተማርኳት እጫወታለሁ ብዬ ነበር። ወላሂ፣ ሦስት አገባችብኝ! ስንት ዓመት በር ላይ ቁጭ ብላ በዓይኗ ብቻ ስትጫወት ከርማለች ለካ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሳትናገር በአገጯ ወደ ላይ ምልክት ሰጠችኝ። ሕግ ነው፤ ተነሳሁ። አንዱ ደንበኛ በርጩማዬን ወሰደ፣ እሱንም አሰናበተችው።

ቤቱ እየሞላ ሲሄድ የበሩ ብርሃን ጨለም አለ። ባሏ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴን ረግጦ አያውቅም። የቆሙትን ልጆች አለፈና ወንበሩን አየ፣ ወንበሩ ላይ ያለችውን አየ፣ አጠገቧ የቆምኩትን እኔንም አየ።

«ምሳ የለም እንዴ?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ተነሺ እንሂድ።»

እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ ላይ አልነቀለችም። በግራ በኩል ኳስ ይዛ እየገፋች ነበር።

«አሸንፌያለሁ» አለችው። «ያሸነፈ አይነሳም።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ በሩ ላይ፣ እሷ ብስኩት ስትሸጥ በኖረችበት በኩል፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ።